ኤሊየኑን በ1,300 ዶላር ልግዛው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወር ስለሆነ ዕቃውን እየሸጠ ነው። ከዕቃዎቹ መሃል በ1979 የወጣው የ‹ኤሊየን› ፊልም አውሬ ሐውልት አለ። የአንድ አራተኛ መጠን ነው። ከሥሩ 212/500 ይላል፤ የፎክስ ፊልም ኩባንያ ስምም አለበት። በ2013 አዲስ እንደገዛው ነግሮኛል። 1,300 ዶላር ብሎኛል። ‹በሁለት ዓመት እጥፍ ያወጣል› ይላል። ጀርባው ላይ ካሉት ቱቦዎች አንዱ ተሰብሮ በሙጫ ተጣብቋል። ሥዕል ያለበት ካርቶንና ፎሙ አለ፤ የውጪው ቡኒ ካርቶን ግን ተጥሏል። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ይህን አውሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ይወደዋል፤ ለሱ ልወስድለት ነው ሐሳቤ። ዋጋው ልክ ነው? ፎርጅድ አለመሆኑንስ በምን ልወቅ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ። በ1,300 ዶላር አትግዛው። ሐውልቱን ግን ቶሎ አትተወው። ከጻፍከው ተነስቼ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው እላለሁ። የተሰበረው ቱቦም የሚያስደነግጥ አይደለም። ባልደረባህ ዋጋውን የቆረጠው ነገ ያወጣል ብሎ ባሰበው ልክ ነው። አንተ የምትከፍለው ግን ሐውልቱ ዛሬ ላለበት ሁኔታ ነው። ያልተሰበረው፣ ካርቶኑ የተሟላው ሐውልት 1,300 ቢሸጥ እንኳ፣ የተጠገነው ያንኑ ሊያወጣ አይችልም።

እንዲህ ያሉ ሐውልቶችን ስጠግንና ዋጋ ስገምት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚነግረኝ ከሥሩ የተጻፈውን፣ ከስንቱ ስንተኛው እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር ነው። እኔ ቁጥሩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የማየው የአውሬውን ራስ ነው። አንተም ስትሄድ ከዚያ ጀምር።

ራስ ቅርጹን ለመለየት ግን አውሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብህ። የፈጠረው ሃንስ ሩዲ ጊገር የተባለ የስዊዘርላንድ ሠዓሊ ነው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ጊገር በ1976 የሣለውን አንድ ሥዕል አየ፤ አውሬውም ከዚያ ሥዕል እንዲወጣ ተደረገ። ጊገር የአውሬውን ሰውነት በፕላስቲሲን፣ ማለትም በለስላሳ የመቅረጫ ጭቃ፣ ሲቀርጽ የእባብ አከርካሪና የሮልስ ሮይስ መኪና የማቀዝቀዣ ቱቦ ሳይቀር አስገብቶበታል። አጥንትም ማሽንም የሚመስለው ለዚህ ነው። የአውሬውን ራስ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሠራው ጣሊያናዊው ካርሎ ራምባልዲ ነው። ሁለቱም ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር በ1980 ለዚሁ ፊልም ኦስካር ተሸልመዋል።

የ1979ኙ አውሬ ራስ ረጅምና ለስላሳ ነው። ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን አለው። ከክዳኑ ሥር፣ ከፊት በኩል፣ የሰው የራስ ቅል አለ። ለፊልሙ ሲሠራ የእውነተኛ የራስ ቅል ክፍል ነው የገባበት። ፊልሙ ጨለማ ስለሆነ እምብዛም አይታይም። ሐውልት ላይ ግን መታየት አለበት። ዓይን የለውም። ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው። ማንን እንደሚያይ፣ ወዴት እንደሚያይ አታውቅም። የሚያስፈራውም ይሄ ነው።

በ1986 ሁለተኛው ፊልም ሲወጣ ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ክዳኑን አስነሳው። የነዚያኞቹ ራስ ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነው። ይህ ለዋጋ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሻጮች ሁለቱን አይለዩም። የ1986ቱን የ1979 ነው ብለው ይሸጣሉ። እያታለሉም ላይሆን ይችላል፤ ሳያውቁ ነው። ባልደረባህ ጋ ስትሄድ መጀመሪያ እጅህን በራሱ ላይ በቀስታ አሳልፍ። ከለሰለሰ የመጀመሪያው ነው። ከጎረበጠ የሁለተኛው ነው፤ ዋጋም የምትጠይቅለት ለዚያኛው ነው።

ቀጥለህ የስልክህን ባትሪ አብራ። ከጎን ሆነህ ብርሃኑን በክዳኑ ውስጥ አሳልፈው። የራስ ቅሉ የዓይን ጉድጓዶች ጥልቀት ይዘው መታየት አለባቸው። በደንብ የተሠራው ላይ የራስ ቅሉ ለብቻው ተቀርጾ፣ ለብቻው ተቀብቶ፣ ከላዩ ክዳኑ ተገጥሞበታል። ባትሪውን ስታንቀሳቅስ ጥላው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ርካሽ ሥራ ላይ ክዳኑ ድፍን ጥቁር ነው። አለዚያም የራስ ቅሉ በቀለም ብቻ ተሥሏል፤ ባትሪውን ብታንቀሳቅሰውም ጥላው ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ሆኖ ካገኘኸው ሌላውን ማየት አያስፈልግህም።

እዚያው ላይ እያለህ መቢጨቱን እይ። ክዳኑ የሚሠራበት ብርሃን የሚያሳልፍ ሬዚን (ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ፀሐይ ሲያገኘው እየቆየ ይቢጫል። አንዴ ከቢጨ አይመለስም። ማጠብም፣ መወልወልም አይመልሰውም። አስቸጋሪው ነገር ብዙዎቹ ክዳኖች ሲሠሩም ቡናማ ወይም ጭስ መሰል ቀለም ስላላቸው መቢጨቱ በቀላሉ አይለይም። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ክዳኑ ከራሱ ጋር የሚገጣጠምበትን ጠርዝ አያለሁ። እዚያ ጥግ ላይ ፀሐይ አልደረሰም። የጠርዙ ቀለምና የመሃሉ ቀለም ከተለያየ፣ ሐውልቱ ዓመታቱን መስኮት አጠገብ ነው ያሳለፈው። አንዱ ጎን ብቻ ቢጫ ሆኖ ካገኘኸውም መልሱ ያው ነው። በኔ አገማመት የቢጨ ክዳን ከተሰበረው ቱቦ በላይ ዋጋ ይቀንሳል። ቱቦ ይጠገናል፤ ክዳን ግን አይጠገንም።

ከራሱ ወደ ሰውነቱ ውረድ። እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ታገሠኝ፤ ለኔ ትልቁ ነገር እዚህ ነው።

ያንን ልብስ ለብሶ የተወነው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ወጣት ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲሜትር ነው። ሌጎስ ተወልዶ፣ ወላጆቹን ተከትሎ ለአጭር ጊዜ ኢትዮጵያም ኖሯል። ከዚያ አሜሪካ ሄደ። በኋላ ለንደን ተማሪ ሆኖ ሳለ አንድ የተዋናይ መልማይ መጠጥ ቤት ውስጥ አየው። እንዲህ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር ሲፈልጉ የቆዩት። እንቅስቃሴው ዝግ እንዲል የታይቺ (ዝግ ያለ የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ) እና የማይም (ያለ ቃል የሚሠራ ትወና) ትምህርት ሰጡት። በጅራቱ ምክንያት ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማይችል ለብቻው የሚንጠለጠል መቀመጫ ተሠራለት። ሌላ ፊልም አልሠራም። በ1992፣ ገና አርባ ሳይሞላው፣ ሲክል ሴል በሚባል የደም በሽታ ሌጎስ ውስጥ ሞተ።

ይህን የምነግርህ ለወሬ አይደለም። ጥሩ የ1979 ኤሊየን ሐውልት የባዴጆን አካል መያዝ አለበት። ቅልጥሙ ረጅም ነው። ክንዱ ረጅም ነው። ወገቡ ቀጭን ነው። ትከሻው ሰፊ አይደለም። አንዳንድ ቀራጮች አውሬውን ጂም የሚሠራ ሰው ያስመስሉታል። ደረቱን ይነፉታል፣ ጭኑን ያወፍሩታል። ከሩቅ ሲያዩት ኃይለኛ ይመስላል። ፊልሙን ያየ ሰው ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ወዲያው ይሰማዋል። የጎደለው ባዴጆ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሐውልት በማንኛውም ዋጋ ለደንበኛ ግዛ ብዬ አላውቅም። ቀለሙ ቢያምርም፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ አውሬው ሌላ ነው።

ልኩንም በዚሁ ታጣራለህ። አንድ አራተኛ ማለት የሱን 208 ሴንቲሜትር ለአራት ማካፈል ነው፤ 52 ይመጣል። ረጅሙ ራስ ትንሽ ይጨምርበታል። ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ፣ መቆሚያውን ሳትቆጥር ከዚያ ብዙ መራቅ የለበትም። ያጎነበሰ ከሆነ ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ዳሌ፣ ከዳሌ እስከ አናት በሜትር ለካና ደምረው። ልኩን ስልክህ ላይ ጻፈው፤ ፎርጅዱን ስናጣራ እንፈልገዋለን።

ቀለሙን በቀን ብርሃን እየው። ሰው አውሬው ጥቁር ነው ይላል። አይደለም። የጊገር ሥዕሎች ቡናማ፣ ግራጫና አረንጓዴ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ጥሩ ቀለም ቀቢ ከሥር ቡናማና የአጥንት መልክ ይጥልና ከላይ ጥቁሩን በስሱ ይደርብበታል። ጎድን አጥንቱ መሃል ስታይ ከጥቁሩ ሥር ሌላ ቀለም ብቅ ማለት አለበት። ጥርሶቹ ብረት መምሰል አለባቸው፤ ነጭ ቀለም ከተቀቡ ተሳስተዋል።

አሁን እጅህን ተጠቀም። እነዚህ ሐውልቶች ባብዛኛው የሚሠሩት ከፖሊስቶን ነው። ሬዚን ከድንጋይ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ ማለት ነው። ሲነካ ይቀዘቅዛል። ከባድ ነው። ጥቃቅን ነገር በደንብ ይይዛል። ደካማ ጎኑ፣ ቀጭን ቦታ ላይ እንደ ሸክላ መሰበሩ ነው። የዚህ አውሬ ችግር ደግሞ ሁሉ ነገሩ ቀጭን መሆኑ ነው። ጅራቱ፣ ጣቶቹ፣ የጀርባው ቱቦዎች፣ ቁርጭምጭሚቱ። ባልደረባህ የነገረህ የቱቦውን ብቻ ነው። ሌላ መሰበር ቢኖር ላያውቀው ይችላል።

ቁርጭምጭሚቱን በባትሪ ዞረህ እይ። ሙሉው ክብደት ያረፈው እዚያ ላይ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካየህ ቁም። እኔ በጀማሪነቴ የገዛሁት አንድ ሐውልት ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ የተደበቀ ሙጫ ነበረው። ሻጩ አልነገረኝም፤ እኔም ማየት እንዳለብኝ አላወቅሁም። በበጋው ሙቀት ሙጫው ለቀቀና ሌሊት ላይ ከነቁመቱ ወደቀ። ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ ቁርጭምጭሚት ሳላይ ስለ ዋጋ አላወራም።

ሐውልቱ ማዘንበሉንም ለካ። ስልክህ ላይ ያለውን የውሃ ልክ መቆሚያው ላይ አድርገህ ጠረጴዛው ሜዳ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሳ። አምራቹ መጀመሪያ ካወጣው ፎቶ ጋር አስተያየው። ጎንበስ ካለ ውስጡ ያለው ብረት ወይም መሰኪያው ላልቷል ማለት ነው። ጅራቱን ደግሞ ከሥሩ ያዝና በጣም በቀስታ ነቅነቅ አድርገው። ማግኔት ወይም መሰኪያ ያለው ከሆነ ትንሽ መላወሱ ያለ ነው። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰማህ ግን ውስጡ ተሰንጥቋል።

ወደ ቱቦው እንምጣ። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን ጠገነው፣ በምንስ ጠገነው? በሱፐር ግሉ ከሆነ ስንጥቁ ዙሪያ ነጣ ያለ ዳመና መሰል ነገር ታያለህ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚተፋው ትነት ነው ቀለሙን የሚያነጣው። በሁለት ቱቦ በሚደባለቀው ኢፖክሲ ከሆነ ይሻላል፤ ጥንካሬው ይቆያል። ስብራቱ ጥርት ያለ ከሆነ፣ ፍርፋሪ ካልጎደለ፣ ቀለሙም የራሱ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጥሩ ጠጋኝ ፈትቶ መልሶ ይሠራዋል። ከላዩ አዲስ ቀለም ከተቀባ ግን መጠርጠር አለብህ። አዲሱ ቀለም ምን ሸፈነ? ይህን ለማየት ገንዘብ የሚፈተሽበትን ዓይነት የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዛ። ጥቂት ዶላር ነው። ክፍሉን አጨልመህ ስታበራው ሙጫና አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ ከዙሪያቸው ተለይተው ያበራሉ። ቱቦው ብቻ ካበራ ባልደረባህ እውነቱን ነግሮሃል። ጅራቱም፣ ክንዱም ላይ ካበራ ቁጭ ብላችሁ ማውራት አለባችሁ። በነገራችን ላይ፣ ስብራቱን ራሱ አንስቶ መንገሩ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የተነገረ ጥገና ዋጋ ይቀንሳል፤ የተደበቀ ጥገና ግን እምነትን ነው የሚያጠፋው። ከዚያ በኋላ ሌላውን ቃሉንም አታምንም።

ፎርጅዱን በተመለከተ፣ የዚህ ዕቃ ፎርጅድ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ እውነተኛ ሐውልት ይገዛሉ። በሲሊኮን ፎርማ ያወጡበታል። ከዚያ ሬዚን እያፈሰሱ ያባዛሉ። ሬዚን ሲደርቅ በጥቂቱ ይኮማተራል። ስለዚህ ፎርጅዱ ከእውነተኛው ትንሽ ያንሳል። ቅድም ልኩን ጻፈው ያልኩህ ለዚህ ነው። አምራቹ ካወጣው ልክ ጋር አስተያየው። ከዚያ አንሶ ካገኘኸው ጠርጥር። ክብደቱንም በቤት ሚዛን መዝነው። ዝርዝሩም ይደበዝዛል። ጎድን አጥንቶቹ መሃል፣ ጥርሶቹ ሥር፣ የእጁ መገጣጠሚያዎች ላይ ስለቱ የጠፋ፣ በሳሙና ታጥቦ ያለቀ የሚመስል ነገር ታያለህ። የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ የአየር አረፋዎችም አሉ፤ በተለይ በብብቱና በአገጩ ሥር። የፎርማው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት መስመር ሳይሞረድ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

አንተ የጻፍከው አንድ ነገር ግን ልቤን አሳርፎታል። ከሥሩ የፎክስ ስም አለ ብለሃል። ሐውልቱ የተገዛው በ2013 ከሆነ መሆን ያለበት እሱ ነው። ዲዝኒ የፎክስን የፊልም ድርጅት የጠቀለለው በመጋቢት 2019 ነው። በ2020 ስሙ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ስቱዲዮስ ተባለ። ስለዚህ በ2013 ተገዛ በተባለ ሐውልት ላይ አዲሱን ስም ብታገኝ ኖሮ፣ አትግዛ ብዬህ እዚሁ ባቆምኩ ነበር። ጽሑፉ የተቀረጸ ወይም በንጽሕና የታተመ መሆኑንም እይ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ከሥሩ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ 212 ካርቶኑም ላይ 212 ነው። አንዳንድ አምራቾች ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ አይጽፉም፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ባታገኘው አትደንግጥ። የተለያየ ቁጥር ካገኘህ ግን ጠይቅ።

ቁጥሩ ራሱ ምን ያወጣል? 212 መሆኑ ምንም አይጨምርም። ሰዎች ለቁጥር 1 ወይም ለመጨረሻው ቁጥር ሲጨምሩ አይቻለሁ፤ ከዚያ ውጪ ያው ነው። 500 መሠራቱም ብቻውን ዋጋ አያስወጣም። 500 ሐውልት ተሠርቶ 300 ፈላጊ ካለ ይረክሳል። 3,000 ተሠርቶ 5,000 ፈላጊ ካለ ይወደዳል። ሌላም አለ። የፊልሙ ባለቤት ፈቃዱን ለአንድ አምራች ብቻ አይሰጥም። አሜሪካ ሳይድሾው፣ ጃፓን ፕራይም ዋን ስቱዲዮ፣ ሆንግ ኮንግ ሆት ቶይስ አሉ፤ ሌሎችም ብዙ ናቸው። ነገ አንዱ የበለጠ የተዋጣለት የ1979 ኤሊየን ቢያወጣ፣ የድሮው ባለቤቶች ለመሸጥ ይሯሯጣሉ፤ ዋጋው ይወርዳል። «እጥፍ ያወጣል» የሚል ሰው ይህን አላሰበውም። የወጣበትን ዋጋ እንኳ መመለስ ያቃታቸው ብዙ ሐውልቶች በእጄ አልፈዋል።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። ኢቤይ (ሰዎች ዕቃ የሚሸጡበት የኢንተርኔት ገበያ) ላይ ግባና የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን ብቻ የሚያሳየውን ምረጥ። ሰው አምስት ሺህ ብሎ ሊለጥፍ ይችላል፤ አንተን የሚመለከትህ ማን ከፈለ የሚለው ነው። ትክክለኛውን አምራችና ትክክለኛውን ዓይነት ፈልግ፤ በቅርብ ወራት የተሸጡትን ስድስት ያህል ጻፍ። ለምሳሌ ያህል 780፣ 850፣ 880፣ 920፣ 940 እና 1,250 አገኘህ እንበል። ትንሹንና ትልቁን ጣላቸው። ትንሹ የተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ ደግሞ ሁለት ሰዎች ተጫርተው ያናሩት። የቀሩት አራቱ አማካይ 900 ገደማ ይመጣል። ይህ ያልተሰበረው፣ ካርቶኑ የተሟላው ዋጋ ነው። ለተጠገነው ቱቦ እኔ 15 በመቶ እቀንሳለሁ፤ 135 ዶላር ነው። ለጠፋው ቡኒ ካርቶን 5 በመቶ፤ 45 ዶላር። 720 ቀረ።

አሁን ደግሞ በሱ በኩል ሆነህ አስበው። በኢንተርኔት በ720 ቢሸጠው ገበያው ከአሥር በመቶ በላይ ይቆርጥበታል። የውጪው ካርቶን ስለሌለ ማሸጊያ መግዛት አለበት። መንገድ ላይ ቢሰበር ገዢው ገንዘቤን መልስ ይለዋል። ሊዛወር ነው፤ ጊዜም የለውም። አንተ በጥሬ ገንዘብ፣ ቤቱ ድረስ መጥተህ ነው የምትወስደው። በዚህ ምሳሌ ከ650 ጀምሬ እስከ 700 እሄድ ነበር። ለሁለታችሁም ደህና ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጠበትን ዋጋ አትመህ አሳየው፤ በሰላም ተነጋገሩ። ባልደረባህ ነውና አታስከፋው። ያንተ ቁጥሮች ከምሳሌዬ ቢለዩም አካሄዱ ይኸው ነው። ክዳኑ ቢጫ ከሆነ ግን ሌላ 20 በመቶ አውርድ፤ እንቢ ካለ ተወው።

አዲስ አበባ ስትወስደው በካርጎ አትላከው፤ ይዘኸው ሂድ። አየር መንገዱ የሚፈቅድልህን የሻንጣ ብዛትና ኪሎ ትኬትህ ላይ እይ። ሐውልቱን የሚፈታውን ያህል ፍታው። ራሱ የሚነቀል ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ሌላው በራሱ ፎም ውስጥ ሆኖ፣ ፎሙ ደግሞ ጠንካራ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ክፍተቱን በልብስ ድፈነው። አረፋ ያለውን ላስቲክ ቀለሙ ላይ በቀጥታ አትጠቅልል፤ ሙቀት ሲያገኘው አረፋው ታትሞ ይቀራል። ጋዜጣም አትጠቀም። መጀመሪያ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው። ከላይ እንዴት እንደታሸገ የሚያሳይ ፎቶ አስቀምጥ፤ ፈታሾች ከከፈቱት መልሰው በዚያው መልክ እንዲያስገቡት። ከባልደረባህም ዋጋውንና ቀኑን የያዘ፣ የተፈረመበት ወረቀት ተቀበል። ጉምሩክ ላይ ዋጋ ስትጠየቅ የምታሳየው እሱን ነው።

ወንድምህ የት እንደሚያስቀምጠው ከአሁኑ ንገረው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚያ ያለው የፀሐይ ጨረር ሜሪላንድ ካለው ይበረታል። መስኮት አጠገብ ካስቀመጠው ክዳኑ ቶሎ ይቢጫል። መስታወት ያለው ቡፌ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ርቆ ይሁን። የታችኛው መደርደሪያ ይሻላል፤ ክብደቱን ይሸከማል፣ ቢወድቅም ከሩቅ አይወድቅም። ሳሎን ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ ደግሞ ከዕጣኑ ያርቀው። የዕጣን ጭስ ሙጫ መሰል ነገር ነው የሚያሳርፍበት፤ አቧራው እሱ ላይ ይጣበቅና ጎድን አጥንቶቹ መሃል ይጠቁራል። ለማጽዳት ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ክዳኑን ንጹሕ ውሃ ጠብ ባለበት ስስ ጨርቅ ይጥረገው። የመስታወት ማጽጃና አልኮል አያስጠጋው፤ ክዳኑን ያደበዝዙታል፣ ቀለሙንም ያነሱታል።

ባልደረባህ ጋ ስትሄድ የክዳኑን ጠርዝ፣ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶችና የተጠገነውን ቱቦ ከቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት አይቼ እነግርሃለሁ።